ሁለቱ አንጾኪያዎችና የሁለተኛው ሰንበት ቅናት

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን አገልጋይ በአገልጋይ ላይ ሲነሣ እያየን ነው። የአንዱ ጉባኤ ሞላ ሲባል የሌላው ፊት ይጠቁራል። ይህን ባየሁ ቁጥር የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ትዝ ይለኛል።

እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት አንጾኪያዎች አሉ። ብዙዎቻችን አንድ ከተማ አድርገን እናነባቸዋለን። አንደኛዋ የሶርያዋ ናት፤ ዛሬ በቱርክ አንታክያ የምትባለው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ የጎዳት። ሁለተኛዋ የጲስድያዋ ናት፤ ፍርስራሿ እዚያው ቱርክ ውስጥ፣ ያልቫች ከተማ አጠገብ ይገኛል። አንድ የነገሥታት ቤት፣ የሴሌውቅያውያን፣ ስለቈረቈራቸው ስማቸው አንድ ሆነ።

የሶርያዋን ሁላችንም እንወዳታለን። ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉት በእርሷ ነው። ረሃብ ይመጣል ሲባል ለይሁዳ ወንድሞች እርዳታ የላከች፣ በጾምና በጸሎት ጳውሎስንና በርናባስን የሸኘች እርሷ ናት። ለአንበሳ የተሰጠው ቅዱስ አግናጥዮስም ጳጳሷ ነበር። (ጠብ አልነበረባትም ማለት አይደለም። ጳውሎስ ጴጥሮስን ፊት ለፊት የተቃወመው እዚያው ነው።)

እኔን የምታስጨንቀኝ ግን የጲስድያዋ ናት። ጳውሎስ በመጀመሪያው ሰንበት በምኵራብ ሲሰብክ ማንም አልጮኸበትም። እንዲያውም በሚቀጥለው ሰንበት ድገሙልን ብለው ለመኗቸው። በሁለተኛው ሰንበት ከጥቂቶች በቀር የከተማው ሰው ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው። ቅዱስ ሉቃስ ምክንያቱን አልሸሸገም፤ አይሁድ ሕዝቡን ባዩ ጊዜ ቅናት እንደ ሞላባቸው ጽፎልናል (13፥45)። ሰባኪው ያው ጳውሎስ ነው። ወንጌሉም ያው ነው። የተለወጠው የሰሚው ብዛት ብቻ!

ከዚያስ እነማንን አስነሡበት? እግዚአብሔርን የሚያመልኩ የተከበሩ ሴቶችንና የከተማውን ታላላቆች። አስተውሉ፣ ሐዋርያውን ካባረሩት መካከል ጸሎተኞች ነበሩ። እኛስ? ወንድማችንን ለማስነሣት ደብዳቤ የምናስፈርመው፣ ሌሊት ስልክ የምንደዋወለው «ለቤተ ክርስቲያን ተቆርቁረን» አይደለም እንዴ? እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ጉባኤው ባዶ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ ይታየን ነበር?

የተገፋችሁ ደግሞ ምዕራፍ 14ን አንብቡ። ጳውሎስና በርናባስ የእግራቸውን ትቢያ አራግፈው ወደ ኢቆንዮን ሄዱ። በልስጥራን ጳውሎስን በድንጋይ ወገሩት፤ ሞቷል ብለውም ከከተማ ውጭ ጎተቱት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደዚያችው ወዳባረረቻቸው አንጾኪያ ተመለሱ። ሒሳብ ሊያወራርዱ አልነበረም። የቀሩትን ምእመናን ሊያጸኑና ሽማግሌዎችን ሊሾሙላቸው ነው። መከራ እንዳለም አልደበቋቸውም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ በየመድረኩ ስም እየጠራህ የምትሰጠውን መልስ ተወው። እዚያ ጥለሃቸው የመጣሃቸው ልጆች አሉ። እነርሱን ሄደህ ጠይቃቸው።