ሕጽበተ እግር፦ የጸሎተ ሐሙስ ትሕትና

ሕጽበተ እግር በጸሎተ ሐሙስ፣ በስቅለት ዋዜማ፣ የሚፈጸም የክርስትና ሥርዓት ነው። ጳጳስ ወይም ቄስ ጎንበስ ብሎ የሌሎችን እግር ያጥባል። መነሻው ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ነው። ኢየሱስ ከእራት ተነሣ፤ ማበሻ ጨርቅ ታጠቀ፤ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። መንገዱ አቧራ፣ ጫማው ክፍት በነበረበት ዘመን ይህ የአገልጋይ ሥራ ነበር።

ታሪኩ ሲተረክ ቁጥር 3 ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ኢየሱስ ውኃውን ከማንሣቱ በፊት ሁሉ በእጁ እንደተሰጠው ያውቅ ነበር ይላል። ጎንበስ ያለው ፈርቶ ወይም ራሱን ንቆ አይደለም። የክርስትና ትሕትና ጉልበት እዚህ ላይ ነው። ከታጠቡት መካከል አሳልፎ የሰጠው ይሁዳም ነበር።

በከተማ አማርኛ «የዋህ» ስንል ቶሎ የሚሸወድ ሰው ማለታችን ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አያስብም። ፈርዖን ፊት ቆሞ «ሕዝቤን ልቀቅ» የሚለውን ቃል ያደረሰውን ሙሴን ዘኍልቍ 12፥3 በምድር ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትሑት ይለዋል። እኅቱ ማርያም አምታው በለምጽ ስትመታ እንኳን «ደግ አደረጋት» አላለም። ጸለየላት።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዕለቱ ብዙ ሥርዓት አለው። ሲሰገድ ይዋላል። ከዚያ ውኃ ይቀርብና አባቶች የወይራና የወይን ቅጠል ይዘው የሕዝቡን እግር ያጥባሉ። ፓትርያርኩም ጎንበስ ይላሉ። ቅዳሴው በዝግታ ድምፅ ይቀደሳል። ቤት ሲገባ ደግሞ ከስንዴና ከባቄላ የተቀቀለ ጉልባን ይጠብቃል። እግር ማጠብ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልጅ የአባቱን፣ ባለቤት የእንግዳውን እግር ሲያጥብ ኖሯል። ልዩነቱ እዚህ ታላቁ የታናሹን ማጠቡ ነው። መታጠቡም ቀላል አይደለም። ጴጥሮስ «አታጥብም» ብሎ ተከራክሯል። እኛም እንዳናፍር ቤታችን ደህና አድርገን ታጥበን ነው የምንሄደው።

በእንግሊዝ ነገሥታት የድሆችን እግር ያጥቡ ነበር። ዛሬ ውኃው ቀርቶ ንጉሡ ሳንቲም ያድላል፤ ተቀባዮቹም በዕድሜው ልክ ወንዶችና በዚያው ቁጥር ሴቶች ናቸው። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፖፕ ፍራንሲስ በ2013 እ.ኤ.አ. ሮም በሚገኝ የወጣቶች ማረሚያ ቤት የ12 ታራሚዎችን እግር አጠቡ፤ ሴቶችና ሙስሊሞችም ነበሩባቸው። አንዳንዱ ካቶሊክ አልወደደውም። እሳቸው ግን በ2016 ሴቶች እንዲታጠቡ ሥርዓቱን አሻሻሉ።

ሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የ82 ዓመቱ ፖፕ ቫቲካን ውስጥ ተንበርክከው የደቡብ ሱዳኑን ፕሬዚዳንት የሳልቫ ኪርንና የተቀናቃኛቸውን የሪክ ማቻርን ጫማ ሳሙ። ውኃ አልነበረም፤ የሰላም ልመና ብቻ ነበር። ሁለቱ ተቀናቃኞች በየካቲት 2020 የአንድነት መንግሥት መሠረቱ፤ ሰላሙ ግን ከዚያም በኋላ መንገራገጩን አልተወም።