ለአረጋውያን ተጨማሪ ማጠናከሪያ ክትባት፦ ማስረጃው ምን ያህል ይመዝናል?

የኮቪድ ማጠናከሪያ ክትባት ለአረጋውያን አንዴ ተሰጥቶ አላበቃም። ሦስተኛው ዶዝ መጣ፣ አራተኛው ተከተለ፣ ከዚያ በኋላ ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር የተወው ብዙ ነው። «አሁንስ አልበዛም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሊነቀፍ አይገባም። ግን ጥያቄውን መበተን ያስፈልጋል። ከምን ለመዳን? ለስንት ጊዜ? ከማን ጋር ሲነጻጸር?

ዕድሜ ሲገፋ የሰውነት የመከላከል አቅምም አብሮ ይደክማል። ከክትባት በኋላ የሚመነጨው ፀረ እንግዳ አካል ያንሳል። በኮቪድ የመሞት አደጋ ደግሞ ከዕድሜ ጋር በጣም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪዎች የፋይዘር ማጠናከሪያ ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ ይሰጥ ወይ ተብለው ሲጠየቁ 16 ለ 2 ውድቅ አደረጉት። 65 ዓመት ለሞላቸውና ለከባድ ሕመም ለተጋለጡ ሲባል ግን 18ቱም ደገፉ። መርፌው ያው ነው፤ የተለየው ተከታቢው ነው።

ስለ አራተኛው ዶዝ ብዙ የሚነግረን ከእስራኤል የመጣው ጥናት ነው። በ2022 መጀመሪያ፣ ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ በተስፋፋበት ወቅት፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ አየ። አራተኛውን የወሰዱት በአራተኛው ሳምንት ላይ በቫይረሱ የመያዝ መጠናቸው ሦስት ዶዝ ብቻ ከወሰዱት በ2 እጥፍ ያንስ ነበር። በስምንተኛው ሳምንት ልዩነቱ ወደ 1.1 ወረደ። ማለትም ጠፋ ማለት ይቻላል። ከከባድ ሕመም የሚሰጠው ጥበቃ ግን ጥናቱ በተከታተላቸው ስድስት ሳምንታት አልቀነሰም።

ከባድ ሕመም በስንት እጥፍ ቀነሰ? ሦስት ዶዝ ከወሰዱት አንጻር በ3.5። እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለአራተኛ ዶዝ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ መንቀሳቀስ የሚችል፣ ለጤናው የሚጠነቀቅ ሰው ነው። አልጋ ላይ የዋለው፣ የደከመው ይቀራል። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ የክትባቱ ላይሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ሌላ ማነጻጸሪያ ጨመሩ፦ አራተኛውን የወሰዱት ራሳቸው፣ ከመርፌው በኋላ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን፣ ክትባቱ ገና ሥራ ሳይጀምር። በዚህ ሲለካ ቁጥሩ 2.3 ሆነ። ለእኔ ከ3.5 ይልቅ የሚታመነው ይሄ ነው።

እጥፍ ብቻውንም አይበቃም። ለስሌት ያህል፣ ከ10,000 ሰው 40ው በጽኑ የሚታመም ከሆነ በግማሽ መቀነስ 20 ሰው ያተርፋል። 4 ብቻ ከሆነ የሚተርፈው 2 ነው። በ80 እና በ60 ዓመት መካከል ያለው ልዩነት እንዲህ ያለ ነው። ብዙ ሰው በሽታው ይዞት ካለፈ በኋላ ደግሞ የአንድ ተጨማሪ ዶዝ ትርፍ ያንሳል።

ጉዳቱስ? ባብዛኛው የክንድ ሕመም፣ ድካም፣ የአንድ ሁለት ቀን ትኩሳት ነው። የልብ ጡንቻ ብግነት በይበልጥ የታየው በወጣት ወንዶች ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች በማርች 2023 ለአረጋውያን ከመጨረሻው ዶዝ 6 ወይም 12 ወር ቆይቶ፣ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ተጓዳኝ ሕመማቸው፣ ተጨማሪ ማጠናከሪያ እንዲሰጥ መክረዋል።