ቆዳ ስለሞላን ኮላጅን ሞልቶናል ማለት ነው? ስለ ኮላጅን የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ከአረፋ ወይም ከፋሲካ ማግስት ሁሌም አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ደሴም ኮምቦልቻም የበግ ሌጦ በየመንደሩ ተጥሎ ይታያል። ገዢ የለም፣ ዋጋው ወድቋል። ያየ ሁሉ ያዝናል፤ እኔም አዝናለሁ። ቆዳ እንዳጠናሁና አሁን ለሕክምና በሚሆን ኮላጅን ላይ እንደምሠራ የሚያውቅ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ያቆመኛል። «እታለም፣ ይሄ ሁሉ ሲጣል ዝም ትላላችሁ? ቀቅሎ ኮላጅን ማውጣት ነው እኮ!»

ሐሳቡ ከቁጭት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን ለቅሶ ቤት ስሰማው፣ ሚኒባስ ውስጥ ስሰማው፣ ከተማሪዎቼ ስሰማው ሰለቸኝ። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው። ሌሎቹንም ስህተቶች አብሬ አነሳለሁ።

ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ፦ ኮላጅን በሰውነታችን ውስጥ በብዛት አንደኛ የሆነው ፕሮቲን ነው። ከጠቅላላው ፕሮቲናችን ሲሶ ያህሉ እሱ ነው። ቆዳን፣ ጅማትንና አጥንትን አጥብቆ የያዘው እሱ ነው። ከእንስሳ ተወስዶ ሲጣራ ለቃጠሎ፣ አልድን ላለ ቁስል፣ ለጥርስ ሐኪም የአጥንት መሙያ፣ ለልብ ቫልቭ ይሆናል።

«ቆዳ ሞልቶናል፤ ቀቅሎ ማውጣት ነው»

ኮላጅን ሦስት ረጅም ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተጠማዝዘው የሚሠሩት ነገር ነው። ርዝመቱ 300 ናኖሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ናኖሜትር ገደማ ነው። ቁስል ውስጥ የገቡ ሴሎች የሚይዙት ይህን ጥምዝምዝ ነው። ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶችም የሚያውቁት እሱን ነው። ጥምዝምዙ ከተፈታ ፕሮቲኑ ያው ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ነው።

ጥምዝምዙን የሚፈታው ደግሞ ሙቀት ነው። ከቆዳ ወጥቶ አሲድ ውስጥ የሟሟ የከብት ኮላጅን 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈታል። ቆዳው ውስጥ እንዳለ እንኳ ከ60 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ይኮማተራል። ደሴ ከፍታዋ ትልቅ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ያም ቢሆን ከበቂ በላይ ነው። እንቁላል አንዴ ከተቀቀለ ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ ሁሉ ይሄም አይመለስም። የሚገኘው ጄላቲን ነው።

አንድ ተማሪዬ የበግ ሌጦ ቀቅሎ፣ አጣርቶ፣ በማሰሮ የረጋ ነገር ይዞልኝ መጣ። «ኮላጅን አወጣሁ» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ድካሙም የሚናቅ አልነበረም። የያዘው ግን ጄላቲን ነበር፤ ያውም የበግ ስብ የሚሸት። የበግ ሌጦ ከፍየል ይልቅ ስብ ይበዛዋል፤ ስቡ ካልወጣ ምንም አይሠራበትም። ጄላቲንም ጥቅም አለው። የመድኃኒት ካፕሱል የሚሠራው በሱ ነው። ቀዶ ሕክምና ላይ ደም የሚያቆም ስፖንጅም አለ። ግን ሴል መጥቶ ሥጋ የሚሠራበት መደገፊያ ከፈለግን ጥምዝምዙ መቆየት አለበት።

ታዲያ እንዴት ይወጣል? በብርድ ነው። ሌጦው ገና ትኩስ ሳለ ይታጠባል፤ ጸጉሩና ስቡ ይወጣል። ከዚያ በደቃቁ ተቆርጦ 4 ዲግሪ አካባቢ በቀዘቀዘ ደካማ አሲድ ውስጥ ለቀናት ይነከራል። ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ይበቃል። ፔፕሲን የሚባለው የጨጓራ ኢንዛይም ይጨመርበታል። ፔፕሲን ዋናውን ጥምዝምዝ አይነካም፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ያሉትን ልቅ ጭራዎች ብቻ ይቆርጣል። የሰውነትን የመከላከያ ኃይል ከሚቀሰቅሱት ክፍሎች ዋናዎቹ እነዚያ ጭራዎች ናቸው። በመቀጠል በጨው ይለያል፣ ይጣራል፣ በረዶ እንደሆነ በቫኩም ይደርቃል። የሚገኘው ነጭ ስፖንጅ ነው፤ ስትነኩት እንደ አየር ይቀልላል። መብራት ጠፍቶ ይህ ስፖንጅ ማድረቂያው ውስጥ ቀልጦ አይቻለሁ። የብዙ ቀን ልፋት አንድ ሌሊት ውስጥ ሄደ።

ይህም ሆኖ አላለቀም። ስፖንጁ ከባክቴሪያ መጽዳት አለበት፤ ግን እንደ መቀስ 121 ዲግሪ እንፋሎት ውስጥ አይገባም፤ ይፈታልና። በጋማ ጨረር ወይም በኤትሊን ኦክሳይድ ጋዝ ይጸዳል። እነሱም በመጠን ካልሆነ ይጎዱታል። ባክቴሪያው ሞቶም ሬሳው ውስጥ ያለው መርዝ ሊቀር ይችላል፤ እሱ ሰው ሰውነት ውስጥ ከገባ ትኩሳት ያስነሳል።

አሁን ወደ በዓሉ ሌጦ እንመለስ። የባቲ ፍየል ሌጦ በዓለም ገበያ ስሙ የታወቀ ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ግን ቤት ውስጥ የታረደ በግ ሌጦው በቢላ ይበሳል፣ ፀሐይ ላይ ያድራል፣ ጨው የሚነካው ካለ በማግስቱ ነው። ባክቴሪያ እስከዚያ በልቶታል። እከክ የያዘው ደግሞ አለ። ከሁሉ በላይ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ የተሸጠ በሬ ከየት እንደመጣ፣ ምን በሽታ እንደነበረበት የሚናገር ወረቀት የለውም። ለጫማ አያስፈልግም፤ ለሰው ሰውነት ግን ግዴታ ነው። የእብድ ላም በሽታን የሚያመጣው ፕሪዮን በተራ ማፍላት አይሞትም። ስለዚህ አምራቾቹ ከብቱን ከጥጃነቱ ጀምሮ በመዝገብ ይከታተላሉ።

ይቻላል ወይ? አዎ፣ ይቻላል፤ ዕድሜዬን የሰጠሁት ለዚህ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገን ግን ድስት አይደለም። ቄራ ውስጥ በደንብ የሚገፍ ሰው፣ የእንስሳት ሐኪም መዝገብ፣ ማቀዝቀዣ፣ የማይቋረጥ መብራትና ንጹሕ ክፍል ነው።

«ከቆዳ ፋብሪካ ትርፍራፊው ይወሰድ»

በክሮም የተለፋውን ሰማያዊ ቆዳ ከሆነ አይሆንም። ክሮም የገባበት ኮላጅን ወደ ንጹሕነቱ አይመለስም።

«የሚጠጣው ኮላጅን ቁስልና ስብራት ይደፍናል»

አይደፍንም። የጠጣችሁት ዱቄት ጨጓራና አንጀት ውስጥ ይፈጫል፤ እንደ ምስሩና እንደ ሥጋው ተቆራርጦ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። ተነስቶ ቀጥ ብሎ እግራችሁ ስብራት ላይ አይሄድም። የፊት ቆዳን መለጠጥ ትንሽ አሻሻለ የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹን የደገፉት ሻጮቹ ናቸው። ክሬሙ ደግሞ የባሰ ነው። ቆዳ በቀላሉ የሚያሳልፈው ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) በታች የሚመዝን ነገር ነው፤ ኮላጅን 300,000 ገደማ ይመዝናል። ላዩ ላይ ተቀምጦ ያረጥባል፣ በቃ።

የቅልጥም መረቅም እንደዚሁ። ለተሰበረ ሰው መረቅ መስጠት ደግ ነገር ነው፤ ያበረታል፣ ይጣፍጣል። ሰውነት ግን ኮላጅኑን ራሱ ነው የሚሠራው። ለዚህ በቂ ፕሮቲንና ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል። ቫይታሚን ሲ ሲጠፋ ሰንሰለቶቹ በደንብ አይጠማዘዙም፤ ድድ ይደማል፣ ቁስል ይከፈታል። ስለዚህ ለቆሰለ ሰው እንቁላል፣ ምስር፣ ጥሬ ቃሪያ፣ ብርቱካን አቅርቡ። ሲጋራ ያቁም። ስኳር ካለበት ስኳሩ ይስተካከል። ለአንድ ቆርቆሮ ዱቄት የሚወጣው ብር ብዙ እንቁላል ይገዛል።

«የእንስሳ ስለሆነ ሰውነት ይጥለዋል»

ሰውነት አጥብቆ የሚዋጋው የሌላውን ሴል ነው፤ ሴሉ ደግሞ ታጥቦ ወጥቷል። የከብትና የሰው ኮላጅን በጣም ይቀራረባሉ። አለርጂ የለም አልልም። ፊት ላይ በመርፌ የሚሰጠው የከብት ኮላጅን ከመቶ ሰው ሦስት ያህሉን ያስቆጣ ስለነበር አስቀድሞ ክንድ ላይ ይሞከር ነበር። አለርጂ ካለባችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

«የተገጠመልኝ ነገር ጠፋ፤ ተበላሽቷል»

ይህንን ስሰማ ቁጭ ብዬ ማስረዳት እፈልጋለሁ። ሰዉ እንደ መኪና መለዋወጫ ያስበዋል። ተገዛ፣ ተገጠመ፣ ይቆይ። ብዙው የኮላጅን መጠገኛ ግን የሚሠራው ሊሄድ ነው። የእናንተ ሴሎች ገብተው እየበሉት፣ በምትኩ የራሳችሁን እየሠሩ ይሄዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ቦስተን ውስጥ ኢንጂነሩ ዮአኒስ ያናስና የቃጠሎ ቀዶ ሐኪሙ ጆን በርክ ከከብት ኮላጅንና ከሻርክ ልም አጥንት በተገኘ ስኳር መሰል ነገር የቆዳ ምትክ ሠሩ። ላዩ ላይ ስስ ሲሊኮን ነበረው። በ1996 አሜሪካ ውስጥ ለአገልግሎት ተፈቀደ። ቡድኑ ያገኘው ትልቅ ነገር ስለ ጊዜ ነው። ቶሎ የሚሟሟው ስፖንጅ ጠባሳ ይተዋል፤ የማይሟሟውም ጠባሳ ይተዋል። የሚሠራው በሁለት ሳምንት ገደማ ግማሹ የሚሄደው ነው። ቀዳዳዎቹም ከ20 እስከ 120 ማይክሮሜትር መሆን ነበረባቸው። በጣም ከጠበቡ ሴል አይገባም፤ ከሰፉ የሚይዘው ግድግዳ ያንሰዋል። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምንጨቃጨቀው ስለዚህ ነው።

የሚቆይበትን ጊዜ የምንወስነው ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ በማሰር ነው። ወልዳ የተሰፋች እናት «ክሩ ራሱ ይወድቃል» ተብላ ታውቃለች። ካትገት የሚባለው ክር ከበግ ወይም ከከብት አንጀት የሚሠራ ኮላጅን ነው። ተራው በሳምንት በአሥር ቀን ይላላል፤ በክሮም ጨው የታከመው ይበልጥ ይቆያል። የከብት የልብ ሽፋን ደግሞ ግሉታራልዴሃይድ በሚባል ኬሚካል ታስሮ የልብ ቫልቭ ሲሆን አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራል። ወጣት ላይ ግን ካልሲየም ቶሎ ይጋገርበታል። የቁርጥማት ልብ ሕመም ያለበት ልጅ ያላችሁ፣ ስለ ቫልቭ ዓይነት ስትነጋገሩ ይህን አንሱ።

አንድ የማከብራቸው ሰው «ብራናስ?» አሉኝ። «ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ ወንጌል አለ አይደል? ቆዳ አይደለም?» ልክ ናቸው፤ ብራና ያልለፋ፣ ተወጥሮ የደረቀ ኮላጅን ነው። የቆየው ደረቅ ስለሆነ ነው። ሰውነት ውስጥ ግን ውሃ አለ፣ 37 ዲግሪ ሙቀት አለ፣ ኮላጅን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉ።

«ውድ የኮላጅን ፋሻ ካለ ሐኪም ቤት መሄድ አያስፈልግም»

አንዲት ዘመዴ ስኳር አለባት። እግሯ ቆሰለ። ልጆቿ ከሳውዲ የኮላጅን ፋሻ ላኩላት። ቤት ውስጥ ተለጠፈ። ጥሩ ዕቃ ነበር፤ ማሸጊያውን አይቼዋለሁ። ከሥሩ ግን የሞተ ሥጋና መግል ነበር። ፋሻው ቀልጦ ጠፋ፣ ቁስሉ ጠለቀ። በመጨረሻ ሐኪም የሞተውን ቆርጦ ሲያነሳ፣ ስኳሯ ሲስተካከል፣ እግሯ ክብደት እንዳይሸከም ሲደረግ ነው መዳን የጀመረው። ስኳር ያለበት ሰው ማታ ማታ የእግሩን ሥር ይይ። ራሱ ካልታየው ልጅ ይይለት። ቁስል ካለ በማግስቱ ይታይ።

«አጥንት በኮላጅን ከተሞላ ወዲያው ይረገጣል»

ስፖንጁ ለስላሳ ነው፤ ክብደት አይሸከምም። አጥንቱን የሚይዘው ብረቱ ወይም ጀሶው ነው። ወጌሻ ጋ አጥብቃችሁ ታስራችሁ ጣታችሁ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ።

«ሰው ሠራሽ ቆዳ ካለ ከራስ ቆዳ መውሰድ ቀርቷል»

አልቀረም። የያናስና የበርክ ዓይነቱ የውስጠኛውን ንብርብር ነው የሚተካው። ከሳምንታት በኋላ ሲሊኮኑ ተነስቶ ከራሳችሁ የተወሰደ ስስ ቆዳ ይደረግበታል።

«የሐይቅ ዓሣ ቆዳ ለቃጠሎ ይሆናል ተብሏል»

ብራዚል ውስጥ የቆሮሶ (የቲላፒያ ዓሣ) ቆዳ ለቃጠሎ ተጠቅመው ጥሩ ውጤት አይተዋል። አይስላንድ ውስጥ ከኮድ ዓሣ የሚሠራም አለ። ሐይቅ ውስጥም ቆሮሶ አለን። የሞቀ ውሃ ዓሣ ስለሆነ ኮላጅኑ ከቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ የተሻለ ሙቀት ይችላል፤ ለእኛ ጥሩ ዜና ነው። ግን የእነሱ ታጥቦ፣ ከጀርም ጸድቶ፣ ተመርምሮ ነው። ከአሣ አጥማጅ ገዝታችሁ ልጅ ላይ እንዳትለጥፉ!

ቃጠሎ ሲያጋጥም ወዲያው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያዙት፤ በረዶ አይደለም። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ አውልቁ። የተጣበቀ ልብስ አትጎትቱ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሂዱ። ቡና፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላል አይደረግም። ሐኪሙ እሱን ሲፍቅ ነው ስቃዩ የሚብሰው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ምድጃ አጠገብ ብቻውን አይተው።

«ሁሉም ከአሳማ ነው»

ወሎ ውስጥ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠይቀኛል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከአሳማ የሚሠራ አለ። ከከብት፣ ከፈረስና ከዓሣ የሚሠራም አለ። ማሸጊያው ላይ ወይም አብሮት በሚመጣው ወረቀት ላይ ምንጩ ይጻፋል። ቀዶ ሐኪሙን «ከምንድን ነው የተሠራው?» ብላችሁ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጠይቁ። ምርጫ ካለ ይነግራችኋል። ምርጫ ከሌለና ጉዳዩ የሕይወት ከሆነ፣ ሸሁን ወይም ቄሱን ቀድማችሁ አማክሩ። ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ቆሞ የሚወሰን ነገር አይደለም።