የአያት ታሪክና የደብተር ታሪክ፦ የአገር ፍቅር ትምህርት በጎጃም

ጎጃም ውስጥ አንድ ልጅ ስለ አገሩ መጀመሪያ የሚሰማው ትምህርት ቤት አይደለም። ቤቱ ነው። ግድግዳ ላይ አሮጌ ምንሽር ተሰቅሏል፤ ወይም ሳጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የአርበኝነት ሜዳይ አለ። አያት አውጥተው ያሳዩታል። "አባቴ ጫካ የገባው ይኼን ይዞ ነው" ይሉታል። ልጁ ፊደል ሳይቆጥር አርበኛና ባንዳ የሚባሉትን ሁለት ቃላት ለይቶ ያውቃል።

ከዚያ ትምህርት ቤት ይገባል። እዚያም ታሪክ ይጠብቀዋል፤ ግን በሌላ አነጋገር፣ በሌላ የዘመን አቆጣጠር፣ ከፍ ሲል ደግሞ በሌላ ቋንቋ። የጎጃም ወጣት የአገር ፍቅር ያደገው በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ጊዜ ደግሞ ከሚገባው በጣም ያነሰ ነው።

አገሩ ራሱ የታሪክ ክፍል ነው

ጎጃም የሚባለው አባይ በሦስት በኩል የከበበው ምድር ነው። ዛሬ በአማራ ክልል ውስጥ የምሥራቅ፣ የምዕራብና የሰሜን ጎጃም ዞኖችን፣ የአዊ ብሔረሰብ ዞንንና የባሕር ዳርን አካባቢ ይይዛል። በቀድሞው ክፍለ ሀገር መተከልም እዚሁ ውስጥ ነበር። ዋና ከተማው ደብረ ማርቆስ ነበር፤ የጥንት ስሙ መንቆረር ነው።

ከባሕር ዳር አውቶቡስ ተሳፍሮ በእንጅባራ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ተማሪ ቡሬን፣ ማንኩሳን፣ ደምበጫን፣ ደብረ ማርቆስን እያለ ደጀን ይደርሳል። ይህ መንገድ በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን እየተመታ ያፈገፈገበት መስመር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን ከሱዳን ወሰን ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጋር የመጣው ጦር ቁጥሩ ትንሽ ነበር። አገሩን ከውስጥ የያዙት ግን አርበኞቹ ናቸው። እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለውና በላይ ዘለቀ ጠላትን ከምሽግ እንዳይወጣ አድርገውት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ። ጣሊያን ዋና ከተማዋን በያዘ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው ቀን።

አብዛኛው ተማሪ ግን በዚህ መንገድ ተኝቶ ያልፋል። ማንም "ተነስ፣ ቡሬ ደረስን፣ እዚህ የጣሊያን ምሽግ ነበር" ያለው የለም።

በአስኳላ የሚሰጠው

በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ትንንሾቹ ታሪክን ለብቻው አይማሩም። ከአካባቢ ሳይንስ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ሰባተኛና ስምንተኛ ላይ ኅብረተሰብ አለ። ታሪክ ራሱን ችሎ የሚመጣው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነው። አሥራ አንደኛ ላይ ተማሪው መስክ ሲመርጥ፣ ተፈጥሮ ሳይንስ የገባው ከታሪክ ጋር ይለያያል። ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ በአንደኛ ዓመት ይጠብቀዋል።

በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱ በአማርኛ ነው፤ አዊ ውስጥ ደግሞ በአዊኛ። ዘጠነኛ ላይ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ታሪክም አብሮ።

ምን እንደሚመስል ላሳይ። አንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀምጬ ያየሁት ነው። መምህሩ ስለ አድዋ የተጻፈውን አንቀጽ በእንግሊዝኛ አነበቡ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ከዚያ መጽሐፉን ዘጉና በአማርኛ "እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው" ብለው ጀመሩ። ያን ጊዜ ክፍሉ ነቃ። ከኋላ አንዱ ልጅ የጎጃም ጦር ከማን ጋር እንደዘመተ ጠየቀ። ሌላው ከመምህሩ በፊት መለሰለት፦ "ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ነዋ!" ትክክል ነበር። ደወሉ ሲቃረብ ግን መምህሩ መልሰው መጽሐፉን ገለጡና ማስታወሻ አስገለበጡ። ፈተናው የሚመጣው ከዚያ ነውና።

ቀኑም አይገጥምም። ልጁ ከቤቱ የሚያውቀው የካቲት 23 ቀን 1888ን ነው። መጽሐፉ ማርች 1 1896 ይለዋል። በዓሉ ደግሞ ዛሬ በፈረንጆቹ ማርች 2 ይውላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፈረንጆቹ በ1900 መሆን የነበረበትን ጳጉሜ ስድስት መሰል ቀን ስለዘለሉ የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። ይህን የሚነግረው ሲያጣ ግን ልጁ አንዱ ስህተት ነው ብሎ ያስባል። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚመስለው የአያቱ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው። ምርጫ ቀኑን፣ ስሙን፣ ቦታውን ይጠይቃል። "ለምን?" የሚለውን መጠየቅ ይከብደዋል። የጎጃም ታሪክ ደግሞ "ለምን?" ካልተባለበት ምኑም አይገባም።

የሚከብዱት ታሪኮች

በላይ ዘለቀን እንውሰድ። አባ ኮስትር በላይ። ጎጃም ውስጥ ከእሱ በላይ የሚዘፈንለት፣ የሚፎከርለት አርበኛ የለም። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። ቢቸናን ይዞ፣ አባይን ወዲህና ወዲያ እየተሻገረ ጣሊያንን ተዋግቷል። ከድል በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን እንዲገዛ ተሾመ። ከዚያ ከመንግሥት ጋር ተጋጨ፣ በአመፅ ተከሶ ታሰረ፣ ከእስር ሊያመልጥ ሞከረ። ጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ።

ይህን የሰማ ልጅ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል። "ታዲያ ጣሊያን ያልገደለውን ለምን የራሳችን ሰው ሰቀለው?" እኔ በጎጃም ከዚህ የተሻለ የታሪክ ትምህርት መግቢያ አላውቅም። ከዚህ ጥያቄ ተነስቶ ስለ ሹመት፣ ስለ ባላባትና ስለ አርበኛ ሽኩቻ፣ ከድል በኋላ ሥልጣን እንዴት እንደተከፋፈለ ማስተማር ይቻላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥያቄው "እሱ ሌላ ጉዳይ ነው" ተብሎ ይታለፋል።

ሁለተኛው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ነው። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተብለው ነገሡ። በ1874 እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ተማረኩ። በ1880 ሳር ውሃ ላይ ከድርቡሽ ጋር ገጥመው ተሸነፉ፤ ብዙ ሰውም አለቀባቸው። በ1888 ግን በማረኳቸው በምኒልክ ጎን ሆነው አድዋ ዘመቱ። ልጃቸው ራስ ኃይሉ ደግሞ ጎጃምን ለረጅም ጊዜ ገዝተው በ1924 ተሽረው ታሰሩ፤ ጣሊያን ሲገባም ከጣሊያን ጋር ቆሙ። አባት አድዋ፣ ልጅ ከጠላት ጋር። በአንድ ቤት! አርበኛና ባንዳ ከተለያየ ዘር የሚወጡ ለሚመስለው ወጣት ይህ መነገር አለበት። ሰው የሚመዘነው ባደረገው እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

ሦስተኛው ጭራሽ አይነሳም ማለት ይቻላል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ እምቢ አለ። መሬቱ ርስት ነው። ግብሩ ርስቱን ለመንጠቅ የመጣ መስሎ ታየው። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም አሰማራ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሱ፣ ውዝፍ ግብሩም ቀረ። ገበሬው አገሩን ይወዳል፤ ይህ ግን ከመንግሥት ጋር እንዳይጣላ አላደረገውም። አገርና መንግሥት አንድ እንዳልሆኑ የጎጃም ሽማግሌ ሳይማር ያውቀዋል። ተማሪው ግን በክፍሉ ውስጥ ሲነገር አይሰማውም።

ከአስኳላ ውጭ

የቆሎ ተማሪ ዘመኑ አላለፈም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የቅኔ ስማቸው ከጎጃም አልፎ የተሰማ ነው። ቅኔ ሲዘረፍ ታሪክ ይጠቀሳል፣ የንጉሥ ስም ይነሳል፣ ሰሙና ወርቁ ሲፈታ መምህሩ ታሪኩን ይተርካል። ሀዲስ ዓለማየሁ ከዚሁ የቤተ ክህነት ትምህርት የወጡ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጅ ናቸው። ወጣት ሳሉ ከራስ እምሩ ጋር ሽሬ ዘምተው ተዋግተዋል፣ ተማርከውም ጣሊያን አገር ታስረዋል።

ቀረርቶና ፉከራ ሌላው መንገድ ነው። ሠርግ ላይ አንዱ ጎረምሳ "ዘራፍ!" ብሎ ሲነሳ የሚጠራው የቅድመ አያቱን ስምና የዋሉበትን ወንዝ ነው። ስህተት ቢናገር ዳር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ያርሙታል። ይህ ፈተና ከምርጫ ይከብዳል።

ከሁሉም ልቤን የሚነካኝ ግን እንጅባራ ነው። ጥር 23 የጊዮርጊስ ዕለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ አድዋ የዘመቱ አባቶችንና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ። ፈረሶቹን ጭምር! ኮርቻው በቀይና በቢጫ ክር ተጠልፏል፣ ልጓሙ ላይ የተንጠለጠለው ጌጥ ይንሿሿል። ጉግስ የሚጫወቱት ጎልማሶች ናቸው። ከሜዳው ዳር ግን አንድ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ የአባቱን ፈረስ ይዞ አየሁ። እርካቡ ላይ እግሩ አይደርስም። አንገቱን እያሻሸ በአዊኛ ያዋራዋል። ከዚያ አባቱ አንስቶ ኮርቻው ላይ አስቀመጠው። ልጁ ጀርባው ቀጥ አለ። ለዚህ ልጅ አድዋ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የሚጀምር ነገር አይደለም።

አሁን ያለው ችግር

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ጦርነት ጎጃም ውስጥ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ልጆች ዓመት አልፎ ዓመት ደብተር ሳይዙ ቆይተዋል። ስለ ታሪክ አስተማመር ሲወራ ይህን መዝለል አይቻልም። ትምህርት የሌለበት ልጅ አርበኛ የሚለውን ቃል ይሰማል፤ ቃሉን በጥያቄ የሚፈትሽበት ክፍል ግን የለውም። ያለው ስልክ ነው። ስልኩ ላይ የሚመጣው ደግሞ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ነው፤ ሁሉም ይጮሃል፣ አንዱም ቀን አይጠቅስም።

ሌላም የሚያስጨንቅ ነገር አለ። በ1933 ሃያ ዓመት የሞላው አርበኛ ዛሬ ቢኖር መቶ ዓመት አልፎታል። ዛሬ ሜዳዩን ከሳጥን የሚያወጡት ልጆቹ ናቸው፤ እነሱም ሸምግለዋል። ያዩትን ሳይሆን የሰሙትን ነው የሚነግሩን። ከእነሱ በኋላ የሚኖረው የሰማ የሰማው ይሆናል።

አንዳንድ መምህራን በራሳቸው ተነሳሽነት የሚሰጡት የቤት ሥራ አለ። "አያታችሁን ጠይቁ፤ ማን ዘመተ? የት? ከማን ጋር? ለምን?" ተማሪው መልሱን ጽፎ ይመጣል፣ ክፍሉ ውስጥ ያነባል። ከመጽሐፉ ጋር ያስተያዩታል። የሚገጥም አለ፣ የማይገጥም አለ። ወጪው አንድ ወረቀት ነው። አንዷ ተማሪ የአያቷን ድምፅ በስልኳ ቀድታ መጣች። ድምፁ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ ዶሮ ይጮሃል፣ አንድ ሰው "ቡናው ደረሰ" ይላል። ከዚያ አዛውንቱ ቀጠሉ። የሁለት ወንዝና የሰባት ሰው ስም ጠሩ። መምህሩ ጠመኔ አንስተው ዘጠኙንም ሰሌዳው ላይ ጻፉ፤ በአማርኛ።