የኮራሉ ሊስትሮ

ላብሮይደስ ዲሚዲያተስ የጣት ያህል ዓሣ ነው። ቢያድግ ቢያድግ ከ14 ሴንቲ ሜትር አይዘልም። ጥቁር መስመር ከአፉ ተነሥቶ እየሰፋ እስከ ጭራው ይሄዳል፤ ዙሪያው ሰማያዊ ነው። ስሙ ለምላስ ስለማይመች ጽዳተኛ ዓሣ እንበለው። ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ጀምሮ እስከ ፓስፊክ ደሴቶች ድረስ በኮራል ሪፎች (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሠሯቸው የድንጋይ ክምሮች) ላይ ይኖራል።

ኑሮው የሊስትሮ ነው። ቋሚ ቦታ አለው፤ ደንበኛ ራሱ ይመጣል። የመጣው ዓሣ ቀጥ ብሎ ይቆምና አፉንና ስንጥቡን ይከፍታል። ጽዳተኛው ቆዳ ላይ የተጣበቁትን ደም መጣጭ ተውሳኮች አንድ በአንድ ይለቅማል። ሥራ ከጠራው አፍ ውስጥም ይገባል፤ ያውም ዓሣ በሚበላ ዓሣ አፍ! አውስትራሊያ ውስጥ በሊዛርድ ደሴት በተደረገ ጥናት፣ አንዱ ጽዳተኛ በቀን 1,200 ያህል ተውሳክ እንደሚበላ ታይቷል። እዚያው ተመራማሪዎች ጽዳተኞቹን ለዓመታት ባስወገዱባቸው ሪፎች ላይ የሌሎቹም ዓሦች ቁጥርና ዓይነት ቀንሷል።

ችግሩ ግን እሱ አብልጦ የሚወደው ተውሳኩን አይደለም። የሚጥመው የደንበኛውን ቆዳ የሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ አንዳንዴ ቆንጠር ያደርጋል። (ከብት ላይ መዥገር የምትለቅመው ወፍም ቁስል ነክታ ደም ትቀምሳለች፤ አመሉ የእሱ ብቻ አይደለም።) የተነከሰው ደንበኛ ይሰቀጠጣል፤ ወይ ያባርረዋል፣ ወይ ሌላ ጽዳተኛ ጋ ይሄዳል። ሥጋ በል ዓሦችን ግን አይደፍርም፤ ማን ላይ መቀለድ እንደማይቻል ያውቃል። ወደ ሌላ ቦታ መሄድ የሚችል ደንበኛ ሲመጣም ቀድሞ ይስተናገዳል፤ የሰፈሩ ነዋሪ ተራ ይጠብቃል። ያስቀየመውንም ጀርባውን በክንፎቹ እያሻሸ ያባብለዋል።

አስመሳይም አለበት። አስፒዶንተስ ቴኒያተስ የሚባል ዓሣ መልኩንም አዋኛኘቱንም ይቀዳል። ደንበኛ መስሎት ከተጠጋ፣ ክንፉን ቦጭቆ ይሄዳል።

ከጽዳተኞቹ አንድ ወንድ ብዙ ሴቶች ይዞ ይኖራል። ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ሴቷ ደንበኛ ነክሳ ካስሸሸች፣ ወንዱ ያሳድዳታል፤ ገበያ ያበላሸችው የእሱንም ነዋ! እሱ ሲሞት ደግሞ ትልቋ ሴት ቦታውን ትይዛለች። በሰዓታት ውስጥ እንደ ወንድ መዞርና ሌሎቹን ማዘዝ ትጀምራለች። በሁለት ሳምንት ከምናምን ውስጥ የወንድ ዘር ታመነጫለች። በቃ፣ ወንድ ሆነች።

በ2019 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ጽዳተኛውን ዓሣ መስታወት አሳዩት። ጉሮሮው ላይ ተውሳክ የሚመስል ቡናማ ምልክት አድርገውበት ነበር። እሱ በመስታወቱ ራሱን አየና ወርዶ ጉሮሮውን ከታች ካለው ነገር ጋር ፈተገ።