የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ሥራ በኢትዮጵያ የመንግሥት አስተዳደር

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥነ ምግባርን የማስጠበቅና ሙስናን የመከላከል ሥራ የሚመራው በፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን፣ በክልሎችና በከተማ አስተዳደሮች አቻ ተቋማት እንዲሁም በየመሥሪያ ቤቱ በተደራጁ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎች ነው። ሕገ መንግሥታዊ መሠረቱ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹም ተጠያቂ እንዲሆን የሚደነግገው አንቀጽ 12 ነው።

በቀድሞው ንጉሣዊ ሥርዓት ሹም የሚተዳደረው በአብዛኛው በደመወዝ ሳይሆን በተሰጠው ጉልትና ማደሪያ፣ ማለትም በመሬትና ከመሬት በሚሰበሰብ ግብር ስለነበር፣ በግብር፣ በእጅ መንሻና በጉቦ መካከል ያለው ድንበር ቀጭን ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል የዚያ ዘመን ቅሪት ሲሆን፣ ዛሬ በሥነ ምግባር ሥልጠናዎች ላይ ሳይነሣ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ትእዛዝ ቁጥር 23 ቅጥርንና ዕድገትን በሥርዓት ለማስኬድ መሠረት ጣለ። በ1966 ዓ.ም. የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር።

ራሱን የቻለ ተቋም የተገኘው ግን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ነው። አዋጁ ማስተማርን፣ አሠራርን ፈትሾ ለሙስና የሚያጋልጠውን መድፈንን፣ መመርመርንና መክሰስን በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባሰበ፤ የኮሚሽኑ ተጠሪነትም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆነ። ይህ ጥምረት ለአገሪቱ አዲስና ደፋር እርምጃ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 239/1993 በሙስና የተጠረጠሩ ሰዎችን የዋስትና መብት ነፈገ። ሕጉ የወጣው በወቅቱ በፍርድ ቤት ለነበረው ለቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ለአቶ ስዬ አብርሃ ጉዳይ ሲባል ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ መንግሥት በበኩሉ እርምጃውን የሙስና ወንጀል ካለው ልዩ ባሕርይ ጋር አያይዞታል። ክልከላው በአዋጅ ቁጥር 434/1997 ላልቶ፣ ከ10 ዓመት በላይ በማያስቀጣ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ዋስትና ሊፈቀድለት እንደሚችል ተደነገገ። የማቋቋሚያ አዋጁም በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 433/1997 ተሻሻለ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት የተቋሙ ፍሬያማ ዘመን ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የፀረ ሙስና ስምምነት ተቀበለች፤ የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ በአዋጅ ቁጥር 699/2003፣ የሙስና ወንጀሎችም በአዋጅ ቁጥር 881/2007 ራሳቸውን የቻሉ ሕጎች ሆነው ወጡ። በግንቦት 2005 ዓ.ም. የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ መላኩ ፈንታ መታሰራቸው በኮሚሽኑ ዘመን በስፋት ከተወራላቸው መዝገቦች አንዱ ነበር። ክሱ በ2010 ዓ.ም. ተቋርጦ የተፈቱ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆነው ተሾመዋል። መዝገቡ ፖለቲካ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም በሚለው ላይ አስተያየቱ ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል።

ተገልጋዩ ይህን ሁሉ የሚያየው በመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው። ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ሐቀኝነት እያለ አርአያ እስከ መሆን የሚወርደው የ12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ሰሌዳ መሥሪያ ቤቱ ለተገልጋዩ የገባው የአገልግሎት ቃል ከሚዘረዘርበት ከዜጎች ቻርተር ጎን ተሰቅሎ፣ ከሥሩ ቁልፍ ያለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ይቀመጣል። ሣጥኑን ከፍቶ ጥቆማውን መመዝገብ፣ ሠራተኛውን ማሠልጠን፣ የግዥና የቅጥር አሠራርን መከታተል የመከታተያ ክፍሉ ሥራ ነው። ክፍሉን ያደራጀው ደንብ ቁጥር 144/2000 ተጠሪነቱን ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አድርጎታል። ስለዚህ ባለሙያው የአለቃውን ግዥ ሲጠይቅ የዓመት ፈቃዱን የሚፈርምለትም፣ የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላለትም ያው አለቃ ነው። በዚህ ሁኔታ ሪፖርት ጽፈው ለኮሚሽኑ የሚልኩ ባለሙያዎች ከሚነገርላቸው በላይ ሊመሰገኑ ይገባል።

ሌላው የመከላከያ መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 668/2002 የተጀመረው የሀብት ምዝገባ ነው። ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና በሕጉ የተመለከቱ ሠራተኞች የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ቤት፣ የመሬት ይዞታ፣ ተሽከርካሪ፣ የባንክ ተቀማጭ፣ አክሲዮን፣ ዕዳም ጭምር በቅጽ ሞልተው ያስመዘግባሉ፤ በየ2 ዓመቱም ያድሳሉ። የቤት ዕቃና የግል መገልገያ አይመዘገብም። ያልተከፋፈለ የውርስ ንብረትም እንዲሁ ከምዝገባ ውጭ ነው፤ ይህም በወንድምና በእኅት ስም ለሚቆይ ንብረት ክፍተት መተዉ አልቀረም። ሕጉ የተመዘገበውን መረጃ ለሕዝብ ክፍት ቢያደርገውም፣ አንድ ተራ ሰው ዝርዝሩን የሚያገኝበት መንገድ ጠባብ ሆኖ ቆይቷል።

በ2008 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 943/2008 ሲቋቋም ምርመራና ክስ ከኮሚሽኑ ወጥተው ወደ ፖሊስና ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄዱ። ተቋሙ በአዋጅ ቁጥር 1236/2013 እንደገና ተቋቁሞ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆነ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከኮሚሽኑ ሌላ ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ተሰይሟል። ሙስናን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ለ2023 እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ባወጣው የሙስና መለኪያ ኢትዮጵያ ከ100 ነጥብ 37 አግኝታ ከ180 አገሮች 98ኛ ሆናለች፤ መለኪያው የባለሙያዎችንና የነጋዴዎችን ግምት የሚያጠናቅር እንጂ የተፈጸመን ሙስና የሚቆጥር አይደለም።

የክልል ኮሚሽኖች የሚቋቋሙት በየምክር ቤቶቻቸው አዋጅ ስለሆነ፣ የወረዳና የቀበሌ ሠራተኛን የሚመለከት ጥቆማ ለክልሉ ተቋም ይቀርባል፤ በአዲስ አበባም ከተማዋ የራሷ ኮሚሽን አላት።