የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ አስተዳደር በኢትዮጵያ

የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም መልእክት ያለ ሽቦ የሚላክበት የሞገድ ድግግሞሽ፣ እንደ ወርቅ ተቆፍሮ አያልቅም። አንድ ማሰራጫ ሥራውን ባቆመ ቅጽበት ይሠራበት የነበረው ፍሪኩዌንሲ ለሌላው ክፍት ይሆናል። እንዲያም ሆኖ ውስን ሀብት የሚባለው ሁለት ማሰራጫዎች በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሲልኩ አንዱ የሌላውን መልእክት ስለሚያበላሽ ነው። የኤፍኤም ጣቢያው፣ የሞባይል ስልኩ፣ የፖሊስ መገናኛው፣ ሳተላይቱ ሁሉ የሚካፈሉት ከዚሁ ነው።

ክፍፍሉ የሚጀምረው ከሀገር በላይ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በሦስት ቀጠናዎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የፍሪኩዌንሲ ክልል ይመድባል፤ ኢትዮጵያ ከተቀሩት የአፍሪካና ከአውሮፓ አገሮች ጋር በቀጠና አንድ ውስጥ ናት። ሞያሌ ላይ የቆመ አንቴና ኬንያ ውስጥም ስለሚሰማ፣ ከጎረቤት ጋር መስማማት ግዴታ ነው።

በሀገር ውስጥ ይህን ሀብት የሚያስተዳድረው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የቴሌኮም ኩባንያው አንድ ብቻ በነበረበት ዘመን ለማን ምን ያህል ይሰጥ የሚለው ጥያቄ እምብዛም አያከራክርም ነበር። በ2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ሲያገኝ ግን ፍሪኩዌንሲ የሁለት ተፎካካሪዎች ዋና ጥሬ ዕቃ ሆነ።

ቁጥጥሩ ሲላላ ጉዳቱ እስከ ሕይወት አደጋ ይደርሳል። የኤፍኤም ሬዲዮ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ (የፍሪኩዌንሲ መለኪያ) ይዘረጋል። ከ108 በላይ ወዲያው የሚጀምረው አውሮፕላንን ወደ ማኮብኮቢያው የሚመራው መሣሪያ ሲሆን፣ ከ118 ጀምሮ ደግሞ አብራሪውና የበረራ ተቆጣጣሪው የሚነጋገሩበት ክልል አለ። በአግባቡ ያልተስተካከለ አንድ የኤፍኤም ማሰራጫ እዚያ ድረስ ሊረብሽ ይችላል። አቅጣጫ ጠቋሚ አንቴና የተገጠመላቸው የመቆጣጠሪያ ተሽከርካሪዎች የሚያስፈልጉትም የረብሻውን ምንጭ ተከታትሎ ለማግኘት ነው።

ፍሪኩዌንሲ ሁሉ እኩል ዋጋ የለውም፤ ለኢትዮጵያ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይም ይህ ይመስለኛል። በ700፣ በ800 እና በ900 ሜጋኸርዝ የሚላክ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ያልፋል። በ3500 የሚላከው ብዙ መረጃ ቢሸከምም ቶሎ ስለሚደክም ብዙ ማማ ይፈልጋል። አብዛኛው ሕዝብ በገጠር፣ ያውም በሸለቆና በተራራ ተከፋፍሎ በሚኖርበት አገር ዝቅተኛው ክልል ትልቅ ሀብት ነው። ከዚህ ክልል ሰፊውን ድርሻ ለረጅም ጊዜ ይዞ የቆየው የአናሎግ ቴሌቪዥን ነበር። አንድ የአናሎግ ጣቢያ በሚይዘው 8 ሜጋኸርዝ ውስጥ ዲጂታል ስርጭት በርካታ ፕሮግራሞችን ያስተላልፋል፤ የተረፈው ለሞባይል ኢንተርኔት ይውላል።

አሰጣጡ በአገሮች ይለያያል። አሜሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጨረታ ታካሂዳለች፤ የዚህን ጨረታ ስልት የነደፉት ፖል ሚልግሮምና ሮበርት ዊልሰን በ2020 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሕንድ በ2008 እ.ኤ.አ. ቀድሞ ለመጣ በሚል አሠራር የሰጠቻቸውን 122 ፈቃዶች ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2012 ሰርዟቸዋል። ጨረታ ግልጽነትን ያመጣል፤ ከፍተኛ ዋጋ ብቻውን ግን ለገጠሩ ነዋሪ ኔትወርክ አያደርስለትም። ስለዚህ ፈቃዱ የሽፋን ግዴታና የጊዜ ገደብ ሊኖረው፣ ተይዞ ያልተሠራበት ፍሪኩዌንሲም ለሌላ ሊሰጥ ይገባል።